ከእኔ ሰማን እንዳትሉ፦ ቅዳሜ ማታ ሩፍቶፕ ላይ

ፖስተሩን አይታችሁታል። ጥቁር መደብ፣ ወርቃማ ፊደል፣ መሐል ላይ ማይክ የጨበጠ ሰው፣ ከግርጌው «ቅዳሜ ማታ ሩፍቶፕ ላይ! መግቢያ ከአንድ ቢራ ጋር» የሚል። ወልድያ ጎንደር በር ይለጠፋል፣ ፒያሳ ይለጠፋል፣ በቴሌግራም ዞሮ መርሳ ይደርሳል። በሁለቱም ከተሞች ሆቴል ቤት አስተናግጃለሁ፤ ኋላም የፕሮግራም ኃላፊ ተብዬ ሠርቻለሁ። ስለዚህ ያ ፖስተር ሲታተም ጓዳ ውስጥ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ሹክ ልበላችሁ፤ ብቻ ከእኔ ሰማን እንዳትሉ። የቤቶቹንም ስም አልጠራም፤ የአንድ ቤት አመል ቢሆን ኖሮ ለመጻፍም ባልተቀመጥኩ።

ቅር ብሎት የሚወርድ እንግዳ ዘፋኙን ይወቅሳል፣ ወይ ዲጄውን፣ ወይ ቢራው ለብ ማለቱን። «ልጆቹ ላይ» የሚጮህም አለ፤ ልጆቹ ማለት እኛ ነን። ነገሩ የተበላሸው ግን ያን ቀን ማታ አይደለም። ሕንፃው ሲሠራ ነው።

እኔ የሠራሁባቸው ሩፍቶፖች አንዳቸውም ሩፍቶፕ ሊሆኑ አልተሠሩም። ባለቤቱ ፎቅ ይጀምራል፣ ገንዘቡ ያልቃል ወይ የብረት ዋጋ ይሰቀላል፣ የሚቀጥለው ፎቅ ፌሮ ወደ ሰማይ እንደቆመ ይቀራል። ጥር 2009 ላይ ወልድያ የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም ሲመረቅ፣ ከ25 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ ሜዳ ያላት ከተማ እንግዳ አታጣም ብለው ፎቅ ላይ ፎቅ ያቀዱ ሰዎች ነበሩ። እንግዳው እንደታሰበው አልጎረፈም። የከተማዋ የእግር ኳስ ክለብ ከፕሪሚየር ሊግ ወረደ፣ ቀጥሎም ጦርነት መጣ። ያ ጅምር ጣሪያ ሮቶ ተቀመጠበት፣ አንሶላ ተሰጣበት። ከዚያ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ ወጥቶ ያይና «ይሄን የመሰለ ቪው ይዛችሁ!» ይላል። ቆርቆሮ ይመታል፣ ቀርከሃ ይለበጣል፣ የቢራ ድርጅቱ ወንበርና ጃንጥላ ይሰጣል፣ ባንኮኒ ይቆማል። በቃ፣ ሩፍቶፕ ሆነ። ቪአይፒ የሚባለው ጠረጴዛ ከሮቶው ጎን ነው፤ ሌላ ነፋስ የሚከልል ነገር ስለሌለ።

ኩሽናው ግን ምድር ቤት ነው። ጣሪያው ላይ ምግብ ይበላል ብሎ ያሰበ መሐንዲስ አልነበረማ። ስለዚህ ቦኖው አምስት ፎቅ ይወርዳል፣ ሸክላ ጥብሱ አምስት ፎቅ ይወጣል። ፍሙ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ማንቀላፋት ይጀምራል። ከኩሽና በር ላይ «ላይ ማን ይውጣ?» የሚል ክርክር አለ፤ ሁልጊዜም የሚሸነፈው አዲስ የተቀጠረው ልጅ ነው፣ እሱ ደግሞ የትኛው ጠረጴዛ የማን እንደሆነ ገና አልለየም። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ «ጥብስ አልቋል» ሲባል ብዙ ጊዜ ሥጋው አላለቀም። ይዞ የሚወጣ ጉልበት ነው ያለቀው።

ሽንት ቤቱም አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ፣ መኝታ ክፍሎቹ ያሉበት ነው። እዚህ ላይ እናንተ የማታዩት ሌላ ቅሬታ አለ። ወልድያ የመንገድ መጋጠሚያ ናት። ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ መቀሌ የሚያልፈውም፣ ወደ ላሊበላ የሚታጠፈውም እዚህ ያድራል። ሊተኛ የከፈለ ሰው አናቱ ላይ ሞንታርቦ ሲደልቅበት ያድራል። ሪሴፕሽን ላይ የሚሰጠውን ትእዛዝ ሰምቻለሁ፦ መሽቶ የመጣና ጧት አሥራ አንድ ሰዓት የሚነሣ እንግዳ የላይኛው ፎቅ ይሰጠው፤ እሱ ለመጨቃጨቅ ጊዜ የለውም።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ምርጫ ይመጣል። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በሕወሓት ኃይሎች እጅ ከቆየች በኋላ ብዙ ሆቴል ባዶ ግድግዳ ይዞ ነው ሥራ የጀመረው። ፍራሹም፣ ፍሪጁም፣ ጄኔሬተሩም እንደገና የተገዛ ነው፤ የተገዛውም በተገኘው አቅም ነው። ይህን ሳስብ ባለቤቶቹን ለመውቀስ አፌ ይከብደኛል። ቢሆንም ትንሽ ጄኔሬተር ሞንታርቦውን፣ የቢራ ፍሪጁንና ሊፍቱን አንድ ላይ አይችልም። መጀመሪያ የሚቆረጠው ሊፍቱ ነው። ቀጥሎ ፍሪጁ። ድምፁ የሚነካ የለም፤ ሙዚቃው ከቆመ ሰው ሒሳብ ይጠይቃልና። ከአምስተኛው ፎቅ በከዘራ የሚሄዱ አባትና ባለ ታኮ ጫማ ሙሽራ ደረጃውን በስልክ መብራት ሲወርዱ አይቻለሁ።

ወደ ዘፋኙ እንምጣ፤ ለእሱ እንደጓጓችሁ አውቃለሁ። ፖስተሩ ላይ ያለው ሰው፣ ፖስተሩ በወጣበት ሰዓት፣ ብዙ ጊዜ «እሺ» አላለም። ስልክ ተደውሎለታል፣ ዋጋ ጠርቷል፣ ባለቤቱ «ቀብዱን እንልካለን» ብሏል። ዕቅዱ ትኬት ሸጦ ከትኬቱ ቀብድ መላክ ነው። ትኬቱ ካልተሸጠ ቀብዱ አይላክም፤ ቀብዱ ካልተላከ ሰውየው ከአዲስ አበባ አይነሣም። መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ርቀቱን ኪሎ ሜትር ብቻ አይለካውም። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የመንገድ ነገር የማታ የማታ የሚታወቅ ሆኗል። ስለዚህ «በመንገድ ምክንያት» የሚለው ሰበብ ማንም የማይከራከረው ሰበብ ሆነ። እውነት የሚሆንበት ቀን አለ። ቀብዱ ሳይላክ ቀርቶ መንገዱ የሚወቀስበትም ቀን አለ፤ ልዩነቱን የሚያውቀው ጓዳው ብቻ ነው።

ሰውየው እንደማይመጣ እኛ የምናውቀው በጊዜ ነው። ለእናንተ የሚነገረው ግን ዘግይቶ ነው። እስከዚያ ድረስ የመድረክ መሪው «ተወዳጁ ድምፃዊያችን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከእኛ ጋር ይሆናል» እያለ ይደጋግማል፣ አንድ የሰፈር ልጅ በኪቦርድ የሁሉንም ዘፈን ይዘፍናል። ልጁን አትናቁት። እኔ እንደማየው የምሽቱ እውነተኛ ባለሙያ እሱ ነው፤ ሆዱን በሻይ አታሎ አራት ሰዓት ሙሉ ይዘፍናል፣ ሽልማት የሚለጠፍበት ግንባር ግን ፖስተሩ ላይ ያለው ነው። ቤቶቹ የእሱን ስም ጽፈው መግቢያውን ቢቀንሱ ማንም ባልተቀየመ።

መግቢያው ላይ ያለችው «አንድ ቢራ» ደግሞ የራሷ ታሪክ አላት። ቤቱ ከአንድ የቢራ ድርጅት ጋር ከተስማማ ሌላው ቢራ «የለም» ነው፤ ከባንኮኒው ሥር ቢኖርም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ካስወጣ ወዲህ፣ ወንበሩ፣ ጃንጥላውና የመድረኩ ጀርባ ሸራ የበለጠ ውድ ቦታ ሆነዋል። ይኸው አዋጅ ዕድሜው ከ21 በታች ለሆነ ሰው አልኮል እንዳይሸጥም ይከለክላል። መታወቂያ ሲጠየቅ ያየ ካለ ይንገረኝ።

ሒሳቡ ሲመጣ የሚደነግጠውንም አውቃለሁ። ሜኑው ላይ 100 ብር የተጻፈ ነገር 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርበትና 110 ይሆናል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲመጣ 126 ብር ከ50። ሜኑው ግርጌ ላይ በጉንዳን ፊደል ተጽፏል፤ ጣሪያው ላይ ግን መብራቱ ሰማያዊና ቀይ ስለሆነ አይነበብም። የአገልግሎት ክፍያው ለአስተናጋጁ ይመስላችሁና ጉርሻ ትተዋላችሁ። በሠራሁባቸው ቤቶች ያ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ለሠራተኛው ሲከፋፈል አላየሁም።

ይህን ሁሉ ሰው ይረሳዋል። የማይረሳው ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ወሎ ውስጥ ድግስ ማለት ሁለት ማዕድ ነው። ክርስቲያኑ ሲድር ለሙስሊም ጎረቤቶቹ ከብት ይለያል፤ አራጁ ሙስሊም ነው፣ ድስቱም ጭልፋውም ወጥ ሠሪዋም የእነሱ። ሙስሊሙም ሲደግስ እንዲሁ ለክርስቲያን እንግዶቹ ያደርጋል። ይህን ማንም በወረቀት አልጻፈውም፤ ግን ድንኳን ውስጥ ሲሳሳት አታዩም፤ ምክንያቱም ማዕዱን የሚጠብቁት ጎረቤቶች ናቸው። ድግሱ ወደ ሆቴል ጣሪያ ሲወጣ ያ ጠባቂ ይቀራል። «ሁለቱም አለን፣ አብሽሩ» ይላል ማናጀሩ። አለ ማለቱ እውነት ነው፤ ሥጋው ሁለት ዓይነት ተገዝቷል። ኩሽናው ግን አንድ፣ ደረጃው አንድ፣ ቡፌው አንድ ረጅም ጠረጴዛ።

መርሳ ላይ አንድ የሠርግ መልስ ነበር። መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ ቆሟል፤ ልጆች ድስት ተሸክመው ደረጃውን በጨለማ ይወጣሉ። መሐል ላይ አረፍ ብለው ሲነሡ ክዳኖቹ ተቀያየሩ፤ ምልክቱ የነበረው ደግሞ ክዳኑ ላይ ነው። ቡፌው ከተከፈተ በኋላ አንድ ሐጂ ሳህናቸውን እንደያዙ ልጁን ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁት፦ «ልጄ፣ ይሄ የማነው?» ልጁ አመነታ። የመለሰው «የእናንተ ነው ሐጂ» ብሎ ነበር፤ ግን ካመነታ በኋላ ነው።

ጩኸት አልተነሣም፤ የወሎ ሰው በድግስ ላይ አይጮህም። ሐጂው ሳህናቸውን በእርጋታ አስቀመጡና ለስላሳ ጠየቁ። ከጎናቸው ያሉት አዩአቸው። ወሬው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ያለ ድምፅ ሄደ። ክርስቲያኖቹም የራሳቸውን ሳህን መጠርጠር ጀመሩ፤ ክዳን የተቀያየረው በሁለቱም በኩል ነውና። ሁሉም ሙሽሮቹን መረቁ፣ «ጠግበናል» አሉ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጣሪያው ባዶ ሆነ። ደጋሹ በማግስቱ ሒሳቡን ሙሉ ከፈለ፤ አንድ ቃል አልተናገረም። ማናጀሩ «እንግዶቹ በጣም ረክተው ሄዱ» ብሎ ለባለቤቱ ሪፖርት አደረገ።

በረቡዕና ዓርብ፣ ወይም በሁዳዴ መሐል፣ «መግቢያ ከጥብስ ጋር» ብሎ የሚለጥፍ ቤትም አይቻለሁ። ፖስተሩን የሠራው ልጅ አዲስ አበባ ያለ ነው፣ ቀን ያየ የለም። በነሐሴም እንዲሁ ነው። ቆቦ ሶለል፣ ላስታ አሸንድዬ ሲሆን «የባህል ምሽት» ተብሎ ጣሪያ ላይ መድረክ ይዘጋጃል፤ የልጃገረዶቹ ጨዋታ ግን ከቤት ቤት እየዞረ በእግር የሚኬድ ነው፣ ነሐሴ ደግሞ ዝናብ ነው። ቆርቆሮው ላይ ዶፉ ሲወርድ ከበሮው አይሰማም።

መርሳን ግን ከወልድያ ጋር አንድ ላይ አልጨፈልቃትም። ወልድያ ላይ ከመሸ በኋላ ከተራራው የሚወርደው ብርድ ጣሪያ ላይ አያስቀምጥም፤ ሰው ጋቢ ለብሶ ኮክቴል ሲጠጣ ያያችሁት ለዚህ ነው። መርሳ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ወረድ ያለች፣ ሞቅ ያለች ናት፤ ምሽቷ በእውነት ጣሪያ ላይ ያስወጣል። ከፎቁ ሥር ማንጎና ብርቱካን በየመንገዱ ይሸጣል። ላይ ስትወጡ የሚቀርበው ግን የታሸገ ጭማቂ ነው። ለምን ሲባል ጭማቂ መፍጫው ምድር ቤት ነው፤ ተመልሰን እዚያው ደረጃ ላይ ነን።

ባለቤቶቹ ለአንድ ዘፋኝ የሚልኩትን ገንዘብ ጣሪያው ላይ ትንሽ ኩሽና፣ ሁለት ሽንት ቤትና ለብቻው የቆመ የምድጃ ቦታ ለመሥራት ቢያውሉት፣ በመርሳም በወልድያም የመጀመሪያው እውነተኛ ሩፍቶፕ ይኖረን ነበር። ይህን ለሁለት አለቆቼ ነግሬአለሁ። ሁለቱም «መጀመሪያ ይሄ ቅዳሜ ይለፍ» አሉኝ።

እናንተ ግን ለምረቃም ለመልስም ጣሪያ ልትይዙ ከሆነ ቀን በብርሃን ውጡና እዩት፤ ስትወጡም በሊፍት ሳይሆን በደረጃው። ኩሽናውን አሳዩኝ በሉ። ለሁለቱ ማዕድ የየራሱን ሰው ከጎረቤት ይዛችሁ ኑ፤ ቤቱ እምቢ ካለ ሌላ ቤት ፈልጉ። ቀብዱን ከግማሽ አታሳልፉ፣ ደረሰኝም ሳትቀበሉ አትውረዱ።