ከጣና የተነሣ እንግዳ

ከጉንደ ወይን ወደ ዓባይ ሸለቆ ለሚወርድ ሰው እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም የሩቅ አገር ወሬ ይመስለዋል። ከቆላው ሥር የሚያገሳው ውሃ ግን ባሕር ዳር ላይ ከጣና የወጣው ዓባይ ነው። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ ወርዶ ጎጃምን ይዞራል፤ ከጣና አምልጦ የወጣ እምቦጭም መንገዱ ይኸው ነው።

የተክሉ መነሻ የአማዞን ተፋሰስ ነው። ዓለምን ያዳረሰው በአበባው ምክንያት ነው፤ ሰው ለኩሬው ጌጥ ብሎ በየአገሩ አዞረው። እኛ ዘንድ በ1950ዎቹ መጨረሻ በቆቃና በአዋሽ ታየ። ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ መገጭ ወንዝ በሚገባበት በኩል ተመዘገበ፤ ከዚያም የደምቢያን፣ የጎንደር ዙሪያን፣ የሊቦ ከምከምንና የፎገራን ዳርቻ ያዘ። ወንዞቹ ከእርሻ አጥበው የሚያመጡት ደለልና ማዳበሪያ ምግቡ ሆነ። አሣ አጥማጁ ታንኳውን የሚገፋበት፣ ከብቱም የሚጠጣበት ዳር ጠፋ።

በጥቅምት 2013 የአንድ ወር የነቀላ ዘመቻ ተካሄደ። ከዚያ በፊትም በኋላም ገበሬው ውሃ ውስጥ እየገባ በእጁ ነቅሏል። ያን ድካም ሳስብ የሚያንገበግበኝ፣ የተነቀለው ዳር ላይ እየተከመረ መቅረቱ ነው። ክረምት ሐይቁ ሲሞላ ክምሩን መልሶ ይወስደዋል። እምቦጭ በተመቸው ውሃ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል።

ከነቀላ ሌላም መንገድ አለ፤ ኡጋንዳ በ1980ዎቹ መጨረሻ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ተክሉን ብቻ የሚበሉ፣ የነቀዝ ዘመድ የሆኑ ጥንዚዛዎች ለቃ ነበር፤ አረሙ የቀነሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ፍሬ ያለው ሥራ ነው፣ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል።

ስለዚህ ለዓባይ ዳር ሰው የሚያዋጣው ገና አንድ ሁለት ሆኖ ሳለ መለየት ነው። ቅጠሉ ክብና የሚያብረቀርቅ፣ የቅጠሉ አገዳ ያበጠና እንደ ስፖንጅ አየር ያዘለ፣ ሥሩ ላባ የመሰለ ጥቁር ነው። ፈዘዝ ያለው ሐምራዊ አበባ ከላይኛው ክፍሉ ላይ ቢጫ ነጥብ አለው፤ አበባ እስኪያወጣ መጠበቅ ግን ዘር እንዲጥል መፍቀድ ነው። ቀድሞ ከነሥሩ ነቅሎ፣ ጎርፍ ወደማይደርስበት ወስዶ ማድረቅና ማቃጠል ይሻላል። ያማረ አበባ ነው ብሎ ወደ ቤት ይዞ መሄድ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም።

ሸለቆው ውስጥ ውሃው ስለሚፈጥን እምቦጭ ቶሎ አይሰፍርም። የሚያሰጋው በየዳሩ የተኛው ውሃ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዓባይ ሄዶ የሚያርፍበት፣ ሰፊና ጸጥ ያለው የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ።