«ተረከዘ ሎሚ» ይኮመጥጣልን?

አንባቢዬ፥ ማታ ከቢሮ ወይም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ታናሽ ወንድምዎ ደብተሩን ይዞ «አነጻጻሪ ዘይቤ ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ቢጠይቅዎ ምን ይመልሱለታል? «እንደ የሚል ቃል ያለበት ዐረፍተ ነገር ነው» ብለው እንዳይገላገሉት አደራ እላለሁ። እኔ ከማስተምራቸው የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ብዙዎቹ ይህንኑ መልስ ከ4ኛ ክፍል ጀምሮ ይዘውት የመጡ ስለ ሆነ፥ «እንደ ነገርኩህ ነገ እመጣለሁ» የሚለውንም ዘይቤ ነው ብለው ያሰምሩበታል።

«እንደ» ግን ሥራው ብዙ ነው። «ፀሐይ እንደ ወጣች ተነሣን» ሲባል ጊዜን ያመለክታል፤ «እንደ መጣ ሰማሁ» ሲባል ደግሞ የተሰማውን ነገር ያያይዛል። በሁለቱም ውስጥ የተነጻጸረ ነገር የለም። «ይመስላል»ም እንዲሁ ነው፤ «ዝናብ የሚመጣ ይመስላል» ግምት እንጂ ንጽጽር አይደለም። «ሆዱ ከበሮ ያህላል» በሚለው ውስጥ ደግሞ «እንደ» የለም፤ ዘይቤው ግን አለ።

እንግዲህ ልጁን ቃል ከማስፈለግ ይልቅ መጠየቅ ይሻላል። ምን ከምን ጋር ተነጻጸረ? በምንስ ተመሳሰሉ? «ንግግሩ እንደ ኮሶ መረረኝ» ቢባል መልሱ ለእኛ ቀላል ነው። ነገር ግን አያቶቻችን የዛፉን አበባ ወቅጠውና በጥብጠው ለሆድ ትል ይጠጡት የነበረውን ኮሶ የዛሬ የከተማ ልጅ ከየት ቀምሶት ያውቀዋል?

አንድ ጊዜ «ተረከዘ ሎሚ» የሚለውን አነጋገር ለትንንሽ ልጆች ሳስረዳ፥ አንዱ እጁን አውጥቶ «የሴትዮዋ ተረከዝ ይኮመጥጣል?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ እኔም ሳቅሁ። ኋላ ሳስበው ግን ከሁላችንም የተሻለ የጠየቀ እርሱ ነበረ። ሎሚ ሽታም፥ ኮምጣጣነትም፥ ቢጫነትም አለው፤ ተናጋሪው ከዚህ ሁሉ የወሰደው ክብነቱንና ልስላሴውን ብቻ ነው። በማግሥቱ ሎሚ ገዝቼ ሄድሁና በየእጃቸው አገላበጡት። «እንደ» የሚለው ቃል ተውጦ መቅረቱን፥ «አንገተ ብርሌ»ም በዚሁ መንገድ የተሠራ መሆኑን ራሳቸው ደረሱበት።

ያጠፋሁትን ደግሞ ልንገርዎ። ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት፥ በክረምት ትምህርት ላይ፥ ለ4ኛ ክፍል ልጆች የንጽጽር ዝርዝር አስገለበጥሁ፤ ጥርስ እንደ ወተት፥ እጅ እንደ ሐር፥ ዓይን እንደ ኮከብ። ከዚያ ስለ ቤተ ሰባቸው እንዲጽፉ አዘዝሁ። አንዲት ልጅ «የአያቴ መዳፍ እንደ በጋ ማሳ ተሰነጣጥቋል» ብላ ጻፈች። በቀይ ሰርዤ ከላይ «እንደ ሐር ለስላሳ ነው» ብዬ አረምሁላት። ደብተሯን ተቀብላ ጥቂት ካየችው በኋላ፥ ቀስ ብላ «ጋሼ፥ የአያቴ እጅ ግን ለስላሳ አይደለም» አለችኝ።

ቀዩ ቀለም አልጠፋም። ከጎኑ «የአንቺው ትክክል ነው» ብዬ ጻፍሁበትና ዐረፍተ ነገሯን ለክፍሉ አነበብሁት። ዝርዝሩንም ከዚያ ወዲህ አስገልብጬ አላውቅም።