ጣልያንኛው ያለቀበት መኪና

ጠዋት ጤነኛ ነው። ቁልፉን ገና ሳዞረው ይነሳል፤ ድምፁም ቀጥ ያለ ነው። ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት አካባቢ ስደርስ፣ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ፣ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። መብራት ላይ ቆሜ ትንሽ ከቆየሁ ይጠፋል። ከኋላ ያለው ታክሲ ክላክሱን ሲያስጮህ፣ እኔ ኮፈኑን ከፍቼ ነገሩ የሚገባው ሰው እመስላለሁ። ግማሽ ሰዓት ካረፈ ምንም እንዳልሆነ ተነስቶ ይሄዳል።

ካንዴላ ተቀየረ። የቤንዚን ፖምፓ ተቀየረ። የቤንዚን ማጣሪያው ሁለት ጊዜ ተቀየረ፣ አንዱ ጋራዥ የሌላውን ስላላመነ። አንደኛው «ቴስታታው ይወረድ» ብሎ ነበር፤ እግዜር ይስጠው፣ የዚያን ሳምንት ገንዘብ አልነበረኝም። በመጨረሻ አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከሞተሩ ላይ ካለው የገመድ ጥቅል አንዷን ክር መዘዘና በሁለት ጣቱ ጎበጥ አደረጋት። ሽፋኗ እንደ ድርቆሽ እየተፈረፈረ ሞተሩ ላይ ረገፈ። «ጋሼ፣ በሽታው ይኸው» አለኝ።

መኪናዬ የ1993 መርሴዲስ ኢ 280 ነው፤ የፋብሪካ ስሙ ደብልዩ 124። (ስለ መኪና ሲወራ ሁሉም የሚቆጥረው በፈረንጅ ስለሆነ የመኪናዎቹን ዓመት እኔም በዚያው እጽፋለሁ።) በግምት ከ1992 እስከ 1995 በወጡ ብዙ የቤንዚን መርሴዲሶች ላይ የሞተሩ ገመዶች ሽፋን ሙቀት አይችልም። ሽፋኑ አካባቢን እንዳይጎዳ፣ ከተጣለ በኋላ ቶሎ እንዲበሰብስ ታስቦ የተሠራ ነው ይባላል። የበሰበሰው ግን ሳይጣል፣ እዚያው ሞተሩ ላይ ነው። ሽፋኑ ሲረግፍ ራቁት ክሮች ይነካካሉ፤ ኮምፒውተሩ ከሴንሰሮቹ የሚደርሰው መረጃ ይዛባል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል። ዝም ከተባለ ራሱን ኮምፒውተሩን እስከ ማቃጠል ይደርሳል። ገመዱ ተቀይሮ የጋዝ መቆጣጠሪያው ከተረሳ ደግሞ የተሠራው ሥራ ግማሽ ነው፤ እዚያ ውስጥ ያለው ሽቦም የዚያው ዘር ነው።

ጋራዥ ለጋራዥ ስዞር አንድ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። የእኛ ሜካኒክ ስለ መኪና የሚያወራው በጣልያንኛ ነው፤ ራሱም ጣልያንኛ መሆኑን ረስቶታል። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ሞተሪኖ፣ ማርሚታ። መሣሪያው ካቻቢቴና ፒንሳ፤ ባለሙያው ጎሚስታና ባቲላሜራ፤ ወረቀቱ ሊብሬና ቦሎ። እነዚህ ቃላት ያሉት የእጅ ዕውቀት ባለበት ነው። ቴስታታ የሚለውን ቃል ከጌታው የተማረ ልጅ፣ ቃሉን ሲማር አወራረዱንም፣ አጠባበቁንም አብሮ ተምሯል። የእኔ መኪና ላይ ግን ጣልያንኛው አንድ ቦታ ሲደርስ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ሴንሰር፣ ሞጁል፣ ኮምፒውተር ነው፤ ድምፅም ዝቅ ይላል፣ ትከሻም ከፍ ይላል።

አሮጌ የባለሥልጣን መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው ቢጠይቀኝ፣ ከኪሎ ሜትሩ በፊት ጣልያንኛው የሚያልቅበትን ይህን ድንበር እይ እለዋለሁ።

ከድንበሩ ወዲህ ያለውን ለማየት ከ1976 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል የተመረተውን መርሴዲስ ደብልዩ 123 ማየት ነው። ወደ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ተሠርቷል። ናፍጣው አንዴ ከተነሳ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ባትሪው ቢነቀል እንኳ መሥራቱን አያቆምም። የሚጠፋው ቁልፉ ሲዞር በቀጭን ቱቦ አየር ተስቦ ነው። በሮቹም የሚቆለፉት በዚያው የአየር መሳብ ዘዴ ነው። ስለዚህ የአንዱ በር መቆለፊያ ጎማ ሲቀደድ ሞተሩ አልጠፋም ብሎ ቁልፉ እጅህ ላይ ይቀራል። ይህን ያልሰማ ሜካኒክ ፖምፓውን ይፈታል፤ የሰማ ደግሞ ከበሩ ይጀምራል። ያም ሆኖ ነገሩ የሚታይ፣ የሚዳሰስ፣ በአፍ በመሳብ እንኳ የሚፈተሽ ነው። የእሱ ታላቅ የሆነውን 240 ዲ አንድ ግሪካዊ የታክሲ ሾፌር 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነድቶ በ2004 ለኩባንያው ሙዚየም አስረክቦታል። ብዙዎች ይህን ታሪክ ሲያወሩ የብረቱን ጥንካሬ ያደንቃሉ። እኔ የማደንቀው ሾፌሩን ነው፤ ሞተሩን በየጊዜው አውጥቶ እያሠራ፣ እየለወጠ ነው እዚያ የደረሰው።

በ1984 መጨረሻ የመጣው 124 የድንበሩ መኪና ነው፤ አንድ እግሩ ወዲህ፣ አንድ እግሩ ወዲያ። የመጀመሪያዎቹ ባለ ስድስት ፒስቶን ቤንዚኖች ነዳጅ የሚረጩት በአብዛኛው በሜካኒካል ዘዴ ነው፤ ኤሌክትሮኒክሱ ማስተካከያ ብቻ ነው። ከ1992 ወዲህ ያሉት ሙሉ በሙሉ ለኮምፒውተር የሚታዘዙ ሆኑ። ገላው ያው፣ ወንበሩ ያው፤ ሻጩም «ያው ነው» ይልሃል። አይደለም። መልኩን የነደፈውን ቡድን የመራው ብሩኖ ሳኮ ኡዲኔ የተወለደ ጣልያናዊ መሆኑ ግን ያስቀኛል፤ ቃሉ ባለቀበት መኪና ላይ እንኳ አንድ ጣልያን አልጠፋም። የፊት መስተዋቱን የሚጠርገው አንድ መጥረጊያ ብቻ ነው፤ በግራና በቀኝ ጥግ ሲደርስ እየተዘረጋ 86 በመቶውን ያዳርሳል። ውስጡ ያለው ጥርስ ግሪስ ካላገኘ ግን ይነጫነጫል፤ እኔ ጋ የደረሰው እየተነጫነጨ ነበር።

ከድንበሩ ወዲያ ማዶ ያለው የ1991ዱ ደብልዩ 140 ነው። መስኮቱ ድርብ መስተዋት፣ ክብደቱ የጭነት መኪና ያህል፤ ስፋቱ ወደ ጀርመኗ ዙልት ደሴት መኪና በሚያጓጉዘው ባቡር ላይ አልመች ብሎ በጊዜው መሳለቂያ ሆኖ ነበር። ዛሬ በርካሽ ይገኛል፤ ወጥመዱም እዚህ ላይ ነው። መኪናው በዓመታት ውስጥ ይረክሳል፣ ዕቃው ግን አብሮ አይረክስም። የዚህ መኪና የኤር ኮንዲሽን ማቀዝቀዣ ሲያፈስ ዳሽቦርዱ በሙሉ መውረድ አለበት፤ ጋራዡ የሚያስከፍለው ለዕቃው ብቻ ሳይሆን ለነዚያ ሁሉ ቀናት ነው። የገዛኸው በአሮጌ መኪና ዋጋ ነው፤ የምትጠግነው ግን ሚኒስትር ሲገዛው በነበረው ዋጋ።

አዲስ አበባ የራሷን ጣጣ ትጨምራለች። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርን ታልፋለች። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የዚህ ሞተር ቴርሞስታት የሚከፈተው በ87 ዲግሪ ነው። በመካከል ያለችው አምስት ዲግሪ ናት። እሷን የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ጎማው ያረጀ እንደሆነ ሞተሩ ጎፋ ዳገት ላይ ቢፈላ ምን ይገርማል? ብዙ ሰው ግን ክዳኑን ትቶ ራዲያተር ያሳጥባል። የባሰው ደግሞ የቧንቧ ውሃው ነው። «አዲስ አበባ በረዶ የለም፣ የበረዶ መከላከያ ለምኔ» ይባላል። ያ ፈሳሽ ግን የመፍያ ነጥቡን ከፍ ከማድረጉም በላይ የአሉሚኒየም ቴስታታን ከዝገት ይጠብቃል። በየዓመቱ የሚፈታው ቴስታታ፣ የሚቀየረው ጓርኒሲዮን፣ ስንቱ በዚህ ቁጠባ የመጣ ይሆን!

ከ1996 ገደማ ጀምሮ ያለው ባለ አምስት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ሌላ ትምህርት ነው። ዘይቱ ለዕድሜ ልክ የተሞላ ነው ተብሎ ነበር የወጣው፤ ኋላ ላይ ኩባንያው ሐሳቡን ለውጦ እንዲቀየር ማዘዝ ጀመረ። የማን ዕድሜ ልክ እንደሆነ ቀድሞውንም አልተባለም። የዚህ ካምቢዮ ታዋቂ በሽታ ከጎኑ ያለች የገመድ መሰኪያ ናት። በትንሿ ጎማዋ በኩል ዘይት ያፈሳል፤ ዘይቱም በገመዱ ውስጥ እንደ ፋኖስ ክር ሽቅብ እየተሳበ እስከ ኮምፒውተሩ ይደርሳል። መኪናው ማርሽ አልቀይር ሲል ባለቤቱ ካምቢዮ ገዛ፤ የተበላሸችው ግን ያቺ መሰኪያ ነበረች። ይህ ደጋግሞ የሚደርስ ነገር ነው።

ዕቃ ፍለጋ ሁሉም የሚሄደው ሶማሌ ተራ ነው፤ በርም፣ ፍሬቻም፣ ሞተሪኖም ከተፈታ መኪና ይገኛል። የእኔን ገመድ ግን እዚያ መፈለግ ከንቱ ነው። ከዚያው ዘመን መኪና የተፈታ ገመድ በሽታውን ተሸክሞ ይመጣል፤ በጥቅሉ ላይ የተለጠፈችው የምርት ቀን ራሷ ትናገራለች። ደግሞ የሚፈታው መኪና ራሱ እያነሰ የሚሄድበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፣ አልከራከርም። ግን አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መርሴዲስ ከእንግዲህ ወንድም አይመጣለትም፤ አንዱ የሚኖረው ከሌላው ሬሳ ነው። እንዲህ ባለበት ጊዜ ሠርቶ መጠገን ከመለወጥ ይበልጣል፤ የሠሪው ዋጋም ከፍ ሊል ይገባል። ጋራዥ ገብተን «ምን ሠራህና ነው ይህን ያህል» የምንለው ሰዎች ይህን ብናስብበት ጥሩ ነው። ካንዴላ ለቀየሩልኝ ሁሉ ያለ ክርክር ከፍዬ፣ በሽታውን ካገኘው ልጅ ጋር ግን ዋጋ ተከራክሬያለሁ።

ልጁ የድሮውን ጥቅል ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው፣ እንደ ዓሣ አጥንት። የእያንዳንዱን ክር ርዝመት ለክቶ፣ ሙቀት የሚችል አዲስ ሽቦ ቆርጦ፣ አሮጌዎቹን መሰኪያዎች እያጸዳ አንድ በአንድ በየደ። አምስት ቀን ፈጀበት። እንዳይምታታበት በየክሩ ጫፍ ነጭ ፕላስተር እየጠቀለለ በእስክሪብቶ ይጽፍበታል። ለእነዚህ ነገሮች ጌታው ያስተማረው ቃል የለውም፤ ስለዚህ ራሱ ያወጣላቸዋል። አንዱ «የአየር መስፈሪያ» ነው። አንዱ «ሙቀት ነጋሪ»። የክራንኩን ዙር ለሚቆጥረው ሴንሰር «ቆጣሪው» ብሎ ጽፏል፤ ሁለተኛ ሲገኝ «ቆጣሪው ትንሹ»።

ሥራው ሲያልቅ ፕላስተሮቹን ሊነቅላቸው ሲል ተዋቸው አልኩት። አሁንም እዚያው ኮፈኑ ስር ናቸው፤ ዘይት ቢነካቸውም ይነበባሉ።