ከአራቱ ባሕርያት እስከ ከሰል ፍም

አባቶቻችን የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፥ ማለት ከመሬት፥ ከውሃ፥ ከነፋስና ከእሳት ነው ብለው ሲያስተምሩ ኖረዋል። ይህ ትምህርት ስለ ሰው ጠባይ የሚናገር ስለሆነ በራሱ ስፍራ የከበረ ነው። ኬሚስትሪ ደግሞ እነዚሁኑ አራቱን ይዞ፥ «እያንዳንዱ ከምን ከምን ተገኘ?» ብሎ ይጠይቃል።

ቁስ ሁሉ በሦስት ይከፈላል። በኬሚስትሪ ዘዴ ወደ ሌላ ቁስ ሊከፈል የማይችለው ንጥረ ነገር ይባላል፤ ወርቅ፥ ብረት፥ ካርቦንና ኦክስጅን እንደዚህ ናቸው። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ንጥረ ነገሮች በተወሰነ ልክ ተጣምረው፥ የቀድሞ ጠባያቸውን ትተው አዲስ ነገር ሲሆኑ ውሁድ ይባላል። ውሃ ሲነካው የሚቀጣጠለው ሶዲየምና መርዛም ጋዝ የሆነው ክሎሪን ተዋሕደው የምንበላው ጨው መሆናቸው ለዚህ ምስክር ነው። ድብልቅ ግን ጠባይን አያስለውጥም፤ በሚጥሚጣ ውስጥ ያለ ጨው ያው ጨው ነው።

እንግዲህ ውሃ የሃይድሮጅንና የኦክስጅን ውሁድ ነው። ነፋስ ድብልቅ ነው፤ ከመቶው 78 እጅ ናይትሮጅን፥ 21 እጅ ኦክስጅን፥ የቀረው ሌሎች ጋዞች ናቸው። መሬትም የብዙ ነገር ድብልቅ ሲሆን፥ የአዊን አፈር ያቀላው ብረት ከኦክስጅን ጋር የሠራው ውሁድ ነው። እሳት ግን ቁስ አይደለም፤ ነገሮች ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐዱ የሚወጣ ሙቀትና ብርሃን ነው።

የሩስያው ሊቅ ሜንዴሌየቭ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1869 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ የታወቁትን 63 ያህል ንጥረ ነገሮች በሠንጠረዥ ደረደራቸው። ገና ላልተገኙትም ባዶ ስፍራ ተወላቸው፤ በ1875 ጋሊየም፥ በ1886 ጀርማኒየም ተገኝተው በተተወላቸው ስፍራ ገቡ። ዛሬ 118 ሆነው የሚደረደሩት በአቶማቸው ውስጥ ባለው የፕሮቶን ብዛት ነው። በአንድ ዓምድ የቆሙት በጠባይ እንደ ወንድማማች ይመሳሰላሉ። በግራና በመካከል ያሉት ብረታ ብረቶች ሲሆኑ፥ ብረት ያልሆኑት አብዛኞቹ በስተቀኝ ይገኛሉ። ካርቦን 6ኛ፥ ኦክስጅን 8ኛ፥ ብረት 26ኛ ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ከእንጅባራና ከዳንግላ መካከል ባለችው በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ከአውስትራልያ የመጣውን ዲከረንስ የተባለ ዛፍ እየተከለ ከሰል ሲያከስል ቆይቷል፤ በቅርብ ዓመታት የዋግ በሽታ ተክሉን ክፉኛ ቢጎዳውም ሥራው የታወቀ ነው። እንጨቱ አፈር ለብሶ በጥቂት አየር ሲቃጠል ውሃውና ጋዙ ይወጣል፤ የሚቀረው በአብዛኛው ካርቦን ነው።

ካርቦን እንደ ባለ አራት እጅ፥ ኦክስጅን እንደ ባለ ሁለት እጅ ቢቆጠር፥ አየር በበቃ ጊዜ አንዱ ካርቦን ሁለት ኦክስጅን ይይዛል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። በተዘጋ ቤት ግን አየር ስለሚያጥር አንድ ብቻ ይይዝና ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዝ ይወለዳል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን በውስጡ ብረት አለው፤ መርዙ በዚያ ብረት ላይ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ይጣበቃል። ራስ ያማል፥ ያዞራል፥ ያቅለሸልሻል፥ ጉልበት ይከዳል፤ የተኛ ሰው ግን ሳይነቃ ሊሞት ይችላል።

«ጢሱ አልቋል፥ ፍሙ ቀልቷል» ተብሎ ከሰል ወደ መኝታ ቤት መግባቱ ስለዚህ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ጢሱ ቢያልቅም መርዙ አላለቀምና። በተለይ ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የምትማሩ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! የእንጅባራ ብርድ ቢበረታም ምድጃውን ከደጅ አውጥታችሁ በጋቢና በብርድ ልብስ ተኙ። ራሱን የሳተ ብታገኙ በሩን ከፍታችሁ ወዲያው ወደ አየር አውጡት፥ ወደ ጤና ጣቢያም አድርሱት። ሠንጠረዡ ለፈተና ብቻ የሚጠና አይደለም፤ በ6ኛውና በ8ኛው መካከል ያለውን ነገር ያወቀ የራሱንም የጎረቤቱንም ሕይወት ያድናል።