የቤት ኮምፒውተርና የጋምቤላ ሐሩር

ከጎሬ ደጋ ወደ ባሮ ሜዳ በአውቶቡስ ተጭኖ የሚወርድ ኮምፒውተር፣ ከ2000 ሜትር ገደማ ከሆነው የኢሉባቦር ከፍታ ተነሥቶ ከባሕር ወለል በላይ 526 ሜትር ያህል ብቻ ወደሆነችው ወደ ጋምቤላ ከተማ ሲደርስ፣ ሠሪዎቹ ያሰቡለትን የአየር ጠባይ ወሰን አልፏል። ብዙዎቹ የላፕቶፕ ፋብሪካዎች መሣሪያቸው በደኅና የሚሠራው በዙሪያው ያለው አየር ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳያልፍ መሆኑን በመመሪያቸው ጽፈዋል፤ በጋምቤላ ግን በየካቲትና በመጋቢት፣ ፀሐይ ከቀትር ዘንበል ስትል፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ መድረሱ ለነዋሪው አዲስ ነገር አይደለም። ስለዚህ «አረጀ፣ ዘገየ» እየተባለ በየቤቱ የሚወቀሰው ኮምፒውተር በሌላ በደል ከመከሰሱ በፊት፣ በዚህ ሐሩር ውስጥ እንዴት እንደሚተነፍስ መጠየቅ ይገባል፤ እኔም መሣሪያውን ለአንባቢ ማስተዋወቅ የምጀምረው ከዚሁ ነው።

ጋምቤላ ከሩቅ ለሚመጣ ማሽን እንግዳ አይደለችም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በ1894 ዓ.ም. በተዋዋሉት ውል፣ በባሮ ዳር ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ከፈቀዱ በኋላ፣ ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል እዚህ ድረስ እየመጡ የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ሆኖም የመርከቡ ሞተር ምንም ቢበረታ፣ ባሮ በክረምት ሞልቶ ካልተነሣ በቀር ጉዞ አልነበረም። ጣቢያው በ1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት ተመልሶ፣ የመርከቡም ዘመን አልፎ፣ ዛሬ ማሽኑ ከወንዝ ዳር ወደ ጠረጴዛ ላይ ቢመጣም ለወቅቶች መገዛቱ አልቀረለትም።

ኮምፒውተር ዐበይት ክፍሎቹ ሦስት ናቸው፤ ይኸውም ስሌቱን የሚያካሂደው ፕሮሰሰር፣ በእጅ ያለውን ሥራ ለጊዜው የሚይዘው ራም፣ እንዲሁም መብራት ቢጠፋም ጽሑፉንና ሥዕሉን አኑሮ የሚያቆየው ዲስክ። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ሙቀት የሚያመነጨው ፕሮሰሰሩ ነው፤ በትንሽ ሰሌዳ ላይ በቢሊዮን በሚቆጠሩ ረቂቃን ማብሪያ ማጥፊያዎች ውስጥ የሚመላለሰው የኤሌክትሪክ ኃይል በፍጻሜው ወደ ሙቀት ይለወጣልና። ይህ ሙቀት በስስ ቅባት አልፎ ወደ መዳብ ቱቦ፣ ከመዳቡም ወደ ቀጫጭን የብረት ክንፎች ይሄዳል፤ በዚያም ፋኑ ከውጭ የሳበው አየር ጠርጎ ያስወጣዋል። የሚሳበው አየር ራሱ ትኩስ ሲሆን፣ ይልቁንም መንገዱ በአቧራ ሲዘጋ፣ የፕሮሰሰሩ ሙቀት ወደ 100 ዲግሪ ይጠጋል፤ በዚህን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ራሱን ከጥፋት ለማዳን ፍጥነቱን በገዛ ሥልጣኑ ይቀንሳል፤ ያም ካልበቃ ማሽኑ በሥራ መካከል ድንገት ይጠፋል። ባለቤቱም ይህን አይቶ ወይ ቫይረስ ገብቶበታል፣ ወይ ዕድሜው አልቋል ብሎ ይፈርዳል። ለመለየት አንድ ቀላል ምልክት አለ፤ ማለዳ ሲፈጥን ውሎ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የሚዝል ኮምፒውተር ሕመሙ ሙቀት ነው፤ የራም ማነስ ወይም ቫይረስ ማለዳና ቀትርን አይለይምና።

የበጋው ወራት በጋምቤላ ሜዳ ረጅሙ ሣር ደርቆ የሚቃጠልበት ጊዜ ነው፤ የእሳቱ አመድ ከመንገዱ ደቃቅ አፈር ጋር ተደባልቆ በመስኮትና በቆርቆሮ ክፈፍ ሥር ይገባል። ፋን ባለበት ማሽን ውስጥ ይህ አቧራ የሚከማቸው በዘፈቀደ ሳይሆን በፋኑና በብረት ክንፎቹ መካከል፣ አየሩ ሊወጣ በሚጠብበት ስፍራ ነው፤ ስለዚህም ከውጭ የተወለወለ ላፕቶፕ ከውስጥ የታፈነ ሊሆን ይችላል። እኔ የምመክረው ዋናው ጽዳት ዝናቡ እንዳበቃ በኅዳር እንዲደረግ፣ በበጋውም ውስጥ በየሁለት ወሩ እንዲደገም ነው። ማሽኑ ፈጽሞ ጠፍቶ ከሶኬት ይነቀላል፣ የሚነቀል ባትሪ ካለውም ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ማብሪያው ለጥቂት ሰኮንድ ተጭኖ በውስጥ የቀረው ኃይል እንዲፈስ ይደረጋል፤ ክዳኑ ተከፍቶም በለስላሳ ብሩሽና በአየር መንፊያ አቧራው ወደ ውጭ ይጠረጋል። በዚህ ሥራ መካከል የፋኑን ምላስ በጣት መያዝ ያስፈልጋል፤ ኃይለኛ አየር ከመጠን በላይ ያሽከረከረው ፋን መሽከርከሪያው ይጎዳል። የፕሮሰሰሩ ቅባትም በዓመታት ውስጥ ስለሚደርቅ፣ ጽዳት ተደርጎለት እንኳ ሙቀቱ ካልበረደ ወደ ጠጋኝ ወስዶ ማስለወጥ ነው። ላፕቶፕን በአልጋ ልብስ ላይ አስቀምጦ መሥራት ከሥር ያለውን የአየር መግቢያ መድፈን ስለሆነ፣ በሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች ላይ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥና ከባዱን ሥራ ለማለዳ መተው ዋጋ የማይጠይቅ መድኃኒት ነው።

በግንቦት ዝናቡ ሲጀምር አቧራው ይበርዳል፣ በፈንታው ግን እርጥበትና ነፍሳት ይመጣሉ። ለወራት ሳይከፈት በጥግ የተቀመጠ ማሽን እርጥበት የብረት መገናኛዎቹን ሲያዝገው፣ በየቀኑ የሚሠራው ግን በራሱ ሙቀት ደርቆ ይኖራል። በሌሊት ወደ ስክሪኑ ብርሃን የሚጎርፉት ነፍሳትም በክፍት ቀዳዳ እንዳይገቡ፣ ያልተሰካባቸውን ቦታዎች መክደንና ሥራ ሲያበቃ ማሽኑ ቀዝቅዞ እንደሆነ በጨርቅ መሸፈን ይበጃል።

መብራት ድንገት ሲሄድ የሚጎዳው ዲስኩ ነው። የቆየው ዓይነት ሀርድ ዲስክ በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ በሚዞር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ኃይሉ በጽሕፈቱ መካከል ሲቋረጥ የተጀመረው መዝገብ ሳይፈጸም ይቀራል፤ ስሕተቱ ሲደጋገምም የዊንዶውስ ፋይሎች ይበላሻሉ። አዲሱ ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው በመንቀጥቀጥ አይጎዳም፣ ፍጥነቱም ከቀድሞው እጅግ ይበልጣል፤ ከድንገተኛ መቋረጥ ግን እርሱም ነፃ አይደለም። ከመቋረጡ ይልቅ የሚያስፈራው መብራቱ ሲመለስ ኃይሉ ከፍና ዝቅ የሚልበት ቅጽበት በመሆኑ፣ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን መንቀል፣ ሲመጣም ኃይሉ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ የዘወትር ልማድ ሊሆን ይገባል። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ያለው ሰው መብራት ሲቋረጥ ለጥቂት ደቂቃ በባትሪ የሚያቆየውን ዩፒኤስ ቢገዛ መልካም ነው፤ ነገር ግን በዩፒኤስ ውስጥ ያለው የእርሳስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ስለሚታወቅ፣ በደጋ ብዙ ዓመት የሚያገለግለው በጋምቤላ ፈጥኖ ይደክማል። ስለዚህም በየጥቂት ወሩ ሥራን አስቀምጦ፣ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚያቆይ መፈተን ያስፈልጋል። የላፕቶፕ ባትሪም ሙሉ ሆኖ በሙቀት ውስጥ ሲቆይ ይጎዳልና፣ ማሽኑ ይህን የሚፈቅድ ከሆነ የኃይል ሙሌቱን በ80 ከመቶ መወሰን ይሻላል።

የውስጡን ሥርዓት በተመለከተ በከተሞቻችን የጸና አንድ ልማድ አለ፤ ኮምፒውተር ሲዘገይ ወደ ጠጋኝ ተወስዶ «ፎርማት» ይደረጋል። እኔ ይህን እንደ መጨረሻ ሕክምና እንጂ እንደ ጥገና አልቀበለውም፤ ምክንያቱም በመጥረጉ የሚጠፋው ብዙ ነው፣ ያዘገየው ምክንያትም ሳይነካ ይቀራል። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ጠባቂ የብራና መጻሕፍትን ከየማኅደራቸው እያወጣ ነፋስ የሚያስነካው ብል ከገባባቸው በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ እንደ ሆነ ሁሉ፣ የኮምፒውተርም ጥበቃ በየወሩ የሚፈጸም ትንሽ ተግባር ነው። ከማሽኑ ጋር አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ከፍቶ የማያስፈልጉትን ማገድ፣ የማይሠራበትን ፕሮግራም ማስወገድ፣ ጊዜያዊ ፋይሎችን መጥረግ፣ ከዲስኩም ከመቶ 15 ያህሉን ባዶ መተው ይበቃል። 4 ጊጋባይት ራም ብቻ ያለው ማሽን ብዙ የኢንተርኔት ገጾች በአንድነት ሲከፈቱበት ሥራውን ወደ ዲስክ ስለሚያሻግር ይንቀረፈፋል፤ ለዚህ ማሽን ራም መጨመር ወይም ሀርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መለወጥ ከአሥር ፎርማት ይልቅ ይረዳዋል። የተበታተነ ፋይልን በቅደም ተከተል የማደራጀት አሮጌ ልማድ ለሀርድ ዲስክ ብቻ እንጂ ለኤስኤስዲ አይሠራም፤ ያለ ጥቅም ዕድሜውን ይበላዋል።

ቫይረስ ወደ ቤት የሚገባው ብዙ ጊዜ በፍላሽ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ የተመለሰ ፍላሽ ሲከፈት ፋይሎቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ቢገኙ፣ ፋይሎቹ ብዙውን ጊዜ ተሰወሩ እንጂ አልጠፉም፤ ስለዚህ ሾርትከቱን ሳይጫኑ በጸረ ቫይረስ መመርመር እንጂ ፍላሹን መደምሰስ አይገባም። ማይክሮሶፍት የደኅንነት ማሻሻያውን በየፈረንጅ ወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ያወጣል፤ የሞባይል ዳታ ለሚገዛ ሰው ይህ ሸክም ስለሆነ፣ ማውረዱን አግዶ ቆይቶ ዋይፋይ ባለበት ስፍራ በወር አንድ ቀን መፈጸም ይቻላል። ለዊንዶውስ 10 በመደበኛነት ይሰጥ የነበረው ነፃ ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ማሽኑ ወደ ዊንዶውስ 11 ለማለፍ የማይበቃ ሰው ሊኑክስ የተባለውን ሌላ ሥርዓት ቢሞክር አሮጌውን ማሽን ገና ለዓመታት ሊያገለግልበት ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ በጽሑፎቻችን ላይ የሚደርሰው ነው። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በመሆኑ፣ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ በየራሳቸው ስልት በተሠሩ ፊደሎች የተጻፉ ብዙ ሰነዶች፣ ፊደሉ በፎርማት ሲጠፋ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆነው ይቀራሉ። የኑዌር ቋንቋ የሚጻፍበትም የላቲን ፊደል ልዩ ልዩ ምልክቶች ያሉት ስለሆነ፣ የትምህርት ጽሑፍ የሚያዘጋጅ መምህር ፊደሉንና የቁልፍ ሰሌዳውን ፕሮግራም ከሰነዱ ጋር ካላስቀመጠ ድካሙን እንደገና ይጀምራል። እንግዲህ የሰነዱ አንድ ቅጂ በማሽኑ፣ ሁለተኛው በውጭ ዲስክ፣ ሦስተኛውም ከቤቱ ውጪ በዘመድ ዘንድ ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ ይኑር፤ የውጭውም ዲስክ ቅጂው እንደ ተፈጸመ ከማሽኑ ተነቅሎ ሙቀትና እርጥበት በማይደርስበት ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ፤ በየወሩም በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሦስት ፋይል ተከፍቶ ፊደሉ በትክክል መነበቡ ይታይ።