ጸሎቱም ይቀጥል፣ መድኃኒቱም አይቋረጥ

በአገራችን ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚጠራው የእግዚአብሔር ስም ነው። ጠያቂው ከበር ሲገባ «እግዚአብሔር ይማርህ» ይላል፤ ታማሚውም ሕመሙ ጠንቶበት እያለ «ተመስገን» ብሎ ይመልሳል። በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ይህን ቃል ኦክስጅን ከተደረገለት ሰው ሳይቀር ሰምቼዋለሁ። ተሽሎት አልነበረም። ተስፋ አለመቁረጡን ነበር የሚነግረን።

ይህ ተስፋ ምን ያህል ጉልበት እንደሚሰጥ፣ በተሳሳተ ምክር ደግሞ እንዴት ሰው እንደሚጎዳ በደንብ ያየሁት ኤች አይ ቪ ቤት ለቤት በገባበት ዘመን ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለአብዛኛው ታማሚ የነበረን ለሳንባ ምች፣ ለተቅማጥና ለአፍ ቁስል የሚሆን መድኃኒት፣ ከዚያም አይዞህ ማለት ብቻ ነበር። ጎረቤት የሸሸው፣ አከራይ ያስወጣው ሰው ወደ እንጦጦና ወደ ሌሎች የጠበል ቦታዎች ሄደ። እዚያም በስሙ የሚጠራው፣ አብሮት የሚጸልይ፣ ቆሎውን የሚያካፍለው ሰው አገኘ። ለብዙዎች የመጨረሻ መጠጊያቸው ስለነበር፣ የጤና ባለሙያም ብሆን ያንን ቦታ ማቃለል አልወድም።

መድኃኒቱ ሲመጣ ግን ሌላ ጣጣ ተከተለ። «ጠበል እየጠጡ ኪኒን መዋጥ እምነት ማጉደል ነው» የሚሉ መካሪዎች ተነሡ። አንዲት ወጣት እናት ትዝ ትለኛለች። መድኃኒቱን ከጀመረች ከጥቂት ወራት በኋላ ሰውነቷ ተመልሶ፣ ሥራዋን ጀምራ ነበር። ይህን ምክር ሰምታ ኪኒኑን አቋረጠች። ወደ እኛ የተመለሰችው በቃሬዛ ነው፤ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። እናቷ ከአልጋው አጠገብ ቆመው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ልጄ እምነቷ ጎድሎ ነው?»

«አይደለም እማማ፣ እምነቷ ሙሉ ነበር። የጎደለው የሰጧት ምክር ነው» አልኳቸው። ያረፈችውን ልጃቸውን መመለስ ባልችልም፣ በሐዘናቸው ላይ ጥፋተኝነት እንዲጨመርባቸው ግን አልፈለግኩም። የታመመን ሰው «ያልዳንከው ስላላመንክ ነው» ማለት ሁለተኛ በሽታ መጨመር ነው።

በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን በይፋ ተናገሩ። ይህ ቃል እኛ በጤና ትምህርት ልናቀልለው ያልቻልነውን ሸክም ከብዙ ሰው ትከሻ አነሣ። ኪኒናቸውን በጠበል የሚውጡ ታማሚዎችን አይቻለሁ። ከሁለት አንዱን ምረጡ ከሚል ጭንቀት ወጥተው ነበር።

ነገሩ ለቅዱሳት መጻሕፍት አዲስ አይደለም። ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ፣ ጸለየ። እግዚአብሔርም ጸሎቱን ሰምቶ 15 ዓመት ጨመረለት። ያንን የምሥራች ያመጣው ነቢዩ ኢሳይያስ ራሱ ግን የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግለት አዘዘ። ጸሎቱ ተሰምቷል ተብሎ መድኃኒቱ አልቀረም። ደጉ ሳምራዊም የቆሰለውን ሰው ዘይትና ወይን አፍስሶ ቁስሉን አሰረለት፣ ወደ ማደሪያ ወሰደው፣ የማስታመሚያውንም ከፈለ። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም እንደነበረ ማን ይረሳል?

ይህን ሁሉ ሳይሰበኩ በኑሯቸው ያሳዩኝ አንዲት አያት ናቸው። ልጃቸውንና ምራታቸውን ቀብረው፣ ቫይረሱ በደሙ ያለ የልጅ ልጃቸውን ያሳድጉ ነበር። ያኔ መድኃኒቱ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በ12 ሰዓት ልዩነት ነበር የሚወሰደው። እሳቸው ሰዓት ማንበብ አይችሉም። ጠዋት ልጁ ደብተሩን ይዞ ለትምህርት ሲነሣ፣ ማታ ደግሞ የሁለት ሰዓት ዜና ሲጀምር ይሰጡታል። ከመስጠታቸው በፊት ያማትቡና «መድኃኔ ዓለም፣ አንተው መድኃኒት አድርገው» ይላሉ። እሑድ ጠበል ይወስዱታል፤ የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ደግሞ ከሁሉ ቀድመው በራችን ላይ ይገኛሉ። ያ ልጅ ዛሬ ሠርቶ ያድራል። አያቱ «ነገ ምን ይሆናል?» የሚለውን ለፈጣሪ ትተው፣ የዛሬውን ኪኒን ግን አንድ ቀን አላስዘለሉም። ክርስቲያናዊ ተስፋ ምን እንደሆነ ስጠየቅ ትዝ የሚሉኝ እሳቸው ናቸው።

ዛሬ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ለብዙዎች በቀን አንድ ኪኒን ሆኗል። ጥያቄው ግን በሌሎች ሕመሞች በየቤታችን አለ። የደም ግፊት ስሜት ሳይሰጥ ቆይቶ በድንገት ሰውን ሊጥል ስለሚችል፣ «ደኅና ነኝ» ብሎ ኪኒኑን መተው አደገኛ ነው። የተለመደው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ይወስዳል፤ ሳሉ ጠፋ ተብሎ ከተቋረጠ በሽታው መድኃኒቱን ተላምዶ ይመለሳል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሲቆም የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ታማሚ ልጅ መርፌውን ካቋረጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ጠበል ወይም የጸሎት ቦታ የሚሄድ ታማሚ ካላችሁ፣ መድኃኒቱን ለሚቆይበት ጊዜ የሚበቃ አድርጋችሁ ያዙለት። መጾም የሚፈልግ ከሆነ አስቀድሞ ሐኪሙንም የነፍስ አባቱን ወይም መጋቢውንም ያማክር፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው የምታዝንበት ሥርዓት አላት። በተለይ ኢንሱሊን እየወሰዱ ምግብ መተው ስኳሩን ከመጠን በታች ያወርደዋል። ሕመሙንም ከቤተሰብና ከሐኪም አትደብቁ። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት በከንቱ አይደለም።

ጸሎቱም መድኃኒቱም እያለ የማይድን ሕመም እንዳለ አውቃለሁ። ብዙ ሰው እጄን ይዞ አርፏል። በዚያ ሰዓት ቤተሰቡ የሚናገረው ሲያጣ ይጨነቃል። የኢዮብ ወዳጆች ወደ እሱ በመጡ ጊዜ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት በመሬት ላይ ተቀመጡ። ያደረጉት መልካም ነገር እሱ ነበር፤ የበደሉት አፋቸውን ከፍተው የመከራውን ምክንያት ሊያስረዱት ሲጀምሩ ነው። እኛም ምክንያት መፈለጉን ትተን ከንፈሩን በውኃ እናርጥብለት፣ ትራሱን እናስተካክልለት፣ የሚወደውን መዝሙር እናንብብለት። ለሐዘንተኛም የምንለው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ነው። ሐዘኑ ዛሬውኑ ይጥፋ አንልም፤ የሚሸከሙበት ጉልበት ይሰጣቸው ዘንድ እንለምናለን።

በቤታችሁ የታመመ ልጅ፣ ወላጅ ወይም አያት ካለ፣ ዛሬ ማታ ከጸሎት በኋላ የቀጠሮ ካርዱን አውጥታችሁ ቀኑን አብራችሁ እዩት። በዚያን ቀን ማን አብሮት እንደሚሄድም ሳትተኙ ተነጋገሩ።