ከሐኪም ጋር በርቀት ስለ መመካከርና ነጋዴው ሊያደርገው ስለሚገባው ጥንቃቄ

ሐኪምና በሽተኛ በአንድ ክፍል ሳይገናኙ በኢንተርኔት አማካይነት በምስል እየተያዩ ወይም በድምፅና በጽሑፍ እየተነጋገሩ የሚያደርጉት ምክክር የርቀት ሕክምና ይባላል። ይህ አገልግሎት በዛሬው ጊዜ እንደ ማናቸውም አገልግሎት በዋጋ የሚሸጥና ከአገር ወደ አገር የሚሻገር ሆኗል። ስለዚህ ሱቁን ዘግቶ ሐኪም ቤት ለመዋል የሚቸገር ባለሱቅም ሆነ በየአገሩ የሚዘዋወር አስመጪና ላኪ ጥቅሙንና ወሰኑን ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የሕንድ መንግሥት ከአፍሪካ ኅብረት ጋር በመተባበር ባቋቋመው የኤሌክትሮኒክ መረብ አማካይነት በ1999 ዓ.ም. በሙከራ መልክ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በሃይደራባድ ከተማ ከሚገኝ ሆስፒታል ጋር ተገናኝቶ ነበር። ያ ግንኙነት በሐኪሞች መካከል የሚደረግ ነበር፤ ዛሬ ግን በሽተኛው ራሱ በእጅ ስልኩ ሐኪሙን ያነጋግራል።

ለሕክምና ወደ ሕንድ የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን ብዙዎች በመሆናቸው የዚያ አገር ደንብ ሊታወቅ የሚገባው ነው። ሕንድ የኮሮና በሽታ በተዛመተበት ወቅት፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ባወጣችው መመሪያ፣ በርቀት ለማከም የሚችለው የተመዘገበ ሐኪም ብቻ ሲሆን በማዘዣው ላይ የምዝገባ ቁጥሩን መግለጽ አለበት። መድኃኒቶችም በአራት ተከፍለዋል። ያለ ማዘዣ የሚሸጡት በማናቸውም የመገናኛ ዘዴ ሊታዘዙ ይችላሉ። ሁለተኛዎቹ፣ በመጀመሪያው ምክክር ጊዜ፣ ሐኪሙ በሽተኛውን በምስል ካየ በኋላ የሚያዝዛቸው ናቸው። ሦስተኛዎቹ ቀደም ሲል በአካል ለታየ በሽተኛ በተከታታይ ሕክምና ጊዜ ብቻ ይታዘዛሉ። አራተኛዎቹ፣ እንደ አደንዛዥ መድኃኒቶች ያሉት፣ በርቀት ፈጽሞ አይታዘዙም።

የዚህ አከፋፈል ምክንያት ለነጋዴ ግልጽ ነው። ቡና ገዢ የቡናውን መልክ በፎቶግራፍ ቢያይ ጣዕሙን ሊያውቅ ስለማይችል ናሙና አስመጥቶ ያስቀምሳል። ሐኪምም እንዲሁ በምስል የቆዳን ሽፍታ ሊያይ፣ የላቦራቶሪን ውጤት ሊያነብ ይችላል፤ ሆድን ዳስሶ፣ ልብን አዳምጦ ለመመርመር ግን አይችልም። ስለሆነም የርቀት ምክክር ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው በሽታው አስቀድሞ ለታወቀ ሰው ነው። የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ያለበት ነጋዴ በጉዞ ላይ ሳለ የተለካውን መጠን ለሐኪሙ አስታውቆ ምክር ሊቀበል ይችላል። ዳሩ ግን ድንገት የደረት ውጋት የያዘው፣ አፉ የተጣመመ፣ አንደበቱ የተሳሰረ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ስልክ ይዞ ተራ ቢጠብቅ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል፤ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ሆስፒታል መወሰድ አለበት።

ምክክሩ ከአገር ወደ አገር ሲሆን ጥንቃቄው ይበልጥ ያስፈልጋል። ከላይ የተጠቀሰው የሕንድ መመሪያ ከአገሪቱ ክልል ውጭ የሚደረገውን ምክክር አይጨምርም። ከዚህም በቀር የውጭ አገር ሐኪም ማዘዣ ለመድኃኒት ንግድ ፈቃድ አይሆንም። በኢትዮጵያ የመድኃኒት አስመጪነትና ሽያጭ የሚመራው በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ነው። እንዲህ ያለውን ማዘዣ መነሻ አድርጎ ያለ ፈቃድ መድኃኒት በሻንጣ አስገብቶ የሚሸጥ ነጋዴ በሕግ ይጠየቃል፤ የገዢውንም ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል።

ስለዚህ አገልግሎቱን የሚሻ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት አራት ነገሮችን ይጠይቅ። የሐኪሙ ስምና የምዝገባ ቁጥር ምንድን ነው? የምክክሩ ሰነድ በማን ዘንድ ይቀመጣል? የሚታዘዘው መድኃኒት በአገር ውስጥ ይገኛል ወይ? ሕመሙ ቢጸና በአካል ቀርቦ የሚመረምረው ሐኪም ማን ነው? ለእነዚህ የተጣራ መልስ ያላገኘ ሰው ምክሩን ከመግዛት ቢቆጠብ ይሻለዋል።